የአቶ ጉና ስድሳ በቅሎ

እኔ ሙላቴ ውሸታም መሆኔን ደብረ ታቦር ሙሉ ስለሚያውቅ እሱን ደብቄ አልጀምርም። ሥራዬ መናኸሪያው አጠገብ ጎማ መለጠፍ ነው። ጎማው የተነፈሰበት ሰው ደግሞ የትም አይሄድም፤ ማስቲሹ እስኪይዝ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ የነገርኩትን ይሰማል። አንዱን ሾፌር፣ የጉና በግ ብርዱ ሲጠናበት ጸጉሩን ገልብጦ ወደ ውስጥ ይለብሳል አልኩት። ሆዱን ይዞ ሳቀ። የጎማውን የውስጥ ላስቲክ፣ ከለመዳሪውን፣ ስነፋለት ግን ጠጋ ብሎ፣ «ለመሆኑ ሲሸልቱት እንዴት ነው የሚያደርጉት?» አለኝ። ሰው እንዲህ ነው፤ ግማሹ እየሳቀ ግማሹ ያምናል።

ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ላይ ቆመ። የቄስ ትምህርት ቤቱንም ቢሆን ዳዊት ሳልደግም ነው የለቀቅሁ፤ የመሪጌታችንን ጥምጣም ለፍየል ጠምጥሜ ወደ ማኅሌቱ ስለሰደድኳት። ፍየሏ እስከ መቅደሱ መጋረጃ ደረሰች፤ እኔ እስከ ውጭው በር ተሸኘሁ።

ፈንታነሽን ከገሳይ መንገድ አንስቼ ያመጣኋት በስድሳ ስድስቱ ድርቅ ነው። ያኔ በበቅሎ ገብስ የማመላልስ ነበርኩ፤ ቻይኖችም መንገዱን ገና አልሠሩትም። ልጅቷ የአራት ዓመት ብትሆን ነው። ከ«እማ» ሌላ አትናገርም። ባለቤቴ ደሳለች የራሳችንን ልጅ በኩፍኝ ቀብራ ጥቁሯን ገና አላወለቀችም ነበር። ልጅቷን አጠበቻት፣ አጥሚት አጠጣቻት፣ ጭኗ ላይ አስተኛቻትና፣ «ፈንታነሽ እላታለሁ» አለች። ወዲያው ደግሞ ፊቷን አጠቆረች።

«ግን እናቷ ትመጣለች። የሰው ልጅ ነጥቄ አላሳድግም። ይቺ እንግዳ ናት።»

በዚችው ቃል ዐሥራ አራት ዓመት ጸናች። ቀበሌ ሲቋቋም መዝጋቢዎቹ መጥተው «ስንት ናችሁ?» ቢሉ፣ «ሁለት። ይቺ እንግዳ ናት።» የሕዝብ ቆጠራ መጣ፤ «እንግዳ ናት።» የቀበሌው ሱቅ ስኳር በቤተሰብ ብዛት ሲያድል የምንወስደው የሁለት ሰው ነው፤ ደሳለች የራሷን ሻይ መራራውን እየጠጣች ድርሻዋን ለእንግዳዋ ትጨምርላታለች። እንግዳዋ ውኃ ትቀዳለች፣ ታኮርፋለች፣ ትቆጣለች፣ ከጎረቤት ልጆች ጋር ትቧቀሳለች። እንዲህ እያደረገች፣ ደሳለችን «እትዬ» እኔን «ጋሼ» እያለች አደገች።

ትምህርት ቤት ላስገባት የወሰድኳት ቀን ጸሐፊው፣

«ስም?» አለኝ።

«ፈንታነሽ።»

«የአባት?»

አሁን ምን ልበል? የኔን ስም እንዳልሰጥ ደሳለች አስምላኛለች። በመስኮቱ ብመለከት የጉና ተራራ ያን ቀን ደመናውን አውልቆ ቁጭ ብሏል።

«ጉና» አልኩ።

«የአያት?»

«አንዱ አይበቃም? ትልቅ ነው እኮ።»

ጸሐፊው ቀና ብሎም አላየኝ፤ ጻፈው።

ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ ልጆቹ «አባት የለሽ» ብለዋት እያለቀሰች መጣች። የያዝኩትን ጎማ ትቼ ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኳት። «ማነው ያለሽ? አቶ ጉናን ሳያውቅ ነው!» ብዬ ጀመርኩ። አቶ ጉና የይፋግ በቅሎ ነጋዴ ነው አልኳት። ይፋግ ሆኖ ሲያስነጥስ ጣና ላይ ያለ ታንኳ መንገዱን ይስታል። ስድሳ በቅሎ አለው፤ ስድሳውንም በየስማቸው ይጠራቸዋል፤ አንዷ ብቻ ኩሩ ስለሆነች ካልተለመነች አትመጣም። ፈንታነሽ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች። ከዚያን ቀን ወዲያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ደብተሯን ታስቀምጥና፣ «ጋሼ፣ አባቴ ዛሬ ምን ሠሩ?» ትለኛለች። ዐሥር ዓመት ሲሞላት እንደማታምነኝ ዐውቄያለሁ፤ እሷም እንዳወቅሁባት ታውቃለች። መጠየቋን ግን አልተወች፣ እኔም መመለሴን አልተውኩ።

ክፋቱ የምትሰማው እሷ ብቻ አለመሆኗ ነው። ጎማ የሚያስለጥፈውም ሰማ፣ ጠላ ሻጯም ሰማች፣ ቆዳ ነጋዴውም ሰማ። እነሱ ደግሞ ለሌላ ነገሩ። የሰጠኋቸው አንድ ክንድ ሲመለስልኝ ሁለት ክንድ ሆኖ ነው።

በሰማንያ ዓመተ ምሕረት ነሐሴ ላይ የዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት መጣ። ፈንታነሽ ሦስት ነጥብ ስምንት! ሳምንት ሳይሞላም ለውጭ አገር የነጻ ትምህርት ዕድል ታጨች ተባለ፤ ሶቪየት ኅብረት፣ ሕክምና። ደሳለች እልል ልትል አፏን ከፈተችና ድምፅ ሳይወጣት ቁጭ አለች። እኔ በደስታ የአንዱን ጭነት መኪና አራት ጎማ ስነፋ ዋልኩ፤ ለካ የተነፈሰው አንዱ ብቻ ኖሯል።

ደስታው የቆየው ቅጹን እስክናነብ ነው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «የአባት ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቦታ፣ ከአብዮቱ በፊት የነበረው ሥራ፣ የመደብ ሁኔታ» ይላል። ቀበሌው አረጋግጦ ማኅተም ካላሳረፈበት አይሠራም። እስከ ረቡዕ አውራጃው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ካልገባ ዕድሉ ለተጠባባቂ ይሰጣል።

ቅጹን ይዤ ወደ ሊቀ መንበሩ ወደ ጓድ ካሳሁን ሄድኩ። ካሳሁን ሊቀ መንበር ከመሆኑ በፊት ልብስ ሰፊ ነበር፤ አሁንም ወረቀት ሲይዝ መጀመሪያ ስፋቱን በጣቱ ይለካል። መዝገቡን አወጣና ገለጠ።

«በዚህ ቤት ያለው ሁለት ሰው ነው» አለኝ።

«ሦስት ነን።»

«ስኳር ስትወስዱ ሁለት ናችሁ።»

«ስኳሩ ምን አገባው! ልጅቷን አታውቃትም? የሱሪህን ቁራጭ ለምና አሻንጉሊት ስትሰፋበት የነበረችዋ!»

«ሙላቴ፣ እኔማ አውቃታለሁ። የማያውቃት መዝገቡ ነው» አለና ቅጹን አጠፈው። «አባቷን የሚያውቁ ሦስት ምስክሮች አምጣ። ቃላቸውን እጽፋለሁ፣ እሷንም አስመዘግባለሁ፣ ማኅተሙንም እመታለሁ።»

ይሄንን ልብ በሉልኝ፤ ማንንም ዋሽልኝ አላልኩም። ወይዘሮ ውባንተ ጠላ ቤት ሄድኩና፣ «ቀበሌ ትፈለጊያለሽ፣ ስለ ፈንታነሽ አባት የምታውቂውን ተናገሪ» አልኳት። ለአቶ ደሞዜ፣ ለቆዳ ነጋዴው፣ ያንኑ አልኩት። ለሽማግሌው ለአያ ገሰሰም ያንኑ አልኳቸው። የኔ ወሬ ፈጠራ መሆኑን ያውቃሉ፣ ስለ እውነተኛ አባቷም ምንም አያውቁም ብዬ ነው ያሰብኩ። «አባቷን አናውቅም፣ እሷን ግን እናውቃለን» ካሉ ካሳሁን አንድ ዘዴ ይፈልግ ይሆናል ብዬ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ተሰበሰብን። ካሳሁን እስክሪብቶውን አነሣ።

«ወይዘሮ ውባንተ፣ አቶ ጉና የሚባል ሰው ያውቃሉ?»

«አቶ ጉናን?» አለች ውባንተ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች። «ኧረ እኔ ቤት ገብተው ጠላ ጠጥተዋል! ቁመታቸው ከቤቴ በር ስለሚበልጥ አጎንብሰው ነው የገቡ። ሁለት ማሰሮ ጨርሰው እንኳ ዓይናቸው አልቀላም።»

ማሰሮዎቹን እኔ አልነገርኳትም።

«አቶ ደሞዜስ?»

«ይፋግ ገበያ አብረን ውለናል» አለ ደሞዜ፣ ደረቱን ነፍቶ። «በቅሎዎቹን ሲያስገባ ገበያው ይከፈልለታል። ስድሳ ናቸው። እኔ ራሴ ቆጥሬያቸዋለሁ።»

ካሳሁን እየጻፈ ነው። «ስድሳ በቅሎ… ሌላስ?»

«ሌላማ አርባ ጭሰኛ ነበረው።»

«አርባ ጭሰኛ… ስንት ጋሻ መሬት?»

«ጋሻ ትላለህ? ፈረስ ጋልቦ ቀኑን ሙሉ ቢሄድ ከርስቱ አይወጣም!»

አያ ገሰሰ አንገታቸውን ደፍተው ነበር። ተራቸው ሲደርስ፣ «እኔ ሰውየውን በዓይኔ አላየሁም። በጆሮዬ ግን ዐሥር ዓመት ሙሉ ስሰማው ኖሬያለሁ» አሉና በጎን አዩኝ። ከሦስቱ ራሱን የጠበቀ ምስክር እሳቸው ብቻ ናቸው።

ካሳሁን እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ፊቱ ላይ የነበረው ጓደኝነት ጠፋ።

«ሙላቴ፣ ምን ማለት እንደሆነ ገብቶሃል? ዕድሉ ለሰፊው ሕዝብ ልጆች ነው። ይቺ ልጅ አርባ ጭሰኛ የነበረው የባላባት ልጅ ናት። ይህን ይዤ አውራጃ ብሄድ እሷ ቀርታ እኔም እጠየቃለሁ።»

«ውሸት ነው!» ብዬ ጮህኩ። «አቶ ጉና የሚባል ሰው የለም! እኔ ነኝ የፈጠርኩት! ተራራው ነው!»

ደሞዜ ብድግ አለ። «እኔን ነው ውሸታም የምትለኝ? አንተ? በዚህ አገር ላይ አንተ ሌላ ሰው ውሸታም ትላለህ?»

«አልነበረም እኮ ነው የምልህ፣ ደሞዜ!»

«እጄን ጨብጦኛል!»

ካሳሁን ጠረጴዛውን መታ። «ነገ እሑድ የነዋሪው ስብሰባ አለ። እዚያ ቆመህ ተናገር። ሕዝቡ ካመነህ የዛሬውን ቃል እሰርዘዋለሁ። ካላመነህ ግን…» አለና ቅጹን በመዝገቡ ውስጥ አስገብቶ ዘጋው።

ቤት ስደርስ ፈንታነሽ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ በሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት የለበደችውን የኬሚስትሪ መጽሐፍ እያገላበጠች ነው። ፈተናው አልፎ ምን እንደምታነብ እንጃ፤ እጇ ባዶ እንዳይሆን ይሆናል። ሁሉንም ነገርኳት። ባላባት የሆነችበት ላይ ስደርስ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

«ጋሼ፣ ጭሰኞቹን ማን ጨመራቸው?»

«እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

«ሰባተኛ ክፍል ሳለሽ። የነጋዴዎቹ ልጆች በጫማሽ የሳቁብሽ ቀን።»

«ታዲያ ለጫማ ሃያ አይበቃም ነበር?» አለችኝ። ከዚያ ሳቋ ቀስ እያለ ሄደ። መጽሐፉን ጭኗ ላይ ዘጋችው። «ግድ የለም ጋሼ። ባይሆንም እዚሁ ከእናንተ ጋር እኖራለሁ። ጎማ መለጠፍ ያስተምሩኛል።» የመጽሐፉን ጠርዝ የያዘው ጣቷ ግን ነጭ ሆኖ ነበር። ብትሰድበኝ በተሻለኝ።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። ሙላቴ ሊናገር ነው ሲባል ጭራሽ መስኮት ላይ የተንጠለጠለም አለ። ቆሜ ጉሮሮዬን ስጠርግ ገና ቃል ሳልተነፍስ ግማሹ ሳቀ።

«አቶ ጉና የሚባል ሰው የለም» አልኩ። የባሰ ሳቁ። አንዱ ከኋላ፣ «ታዲያ በቅሎዎቹን ማን ወረሳቸው?» ብሎ ጮኸ።

እስኪበቃቸው ጠበቅሁና ተናገርኩ። በስድሳ ስድስት በሚያዝያ ገብሴን አራግፌ ከገሳይ ስመለስ አንዲት ሴት ጥድ ተደግፋ ተቀምጣ አገኘሁ። ይቺን ልጅ ታቅፋለች። ከላስታ ነው የመጣነው አለችኝ። ባሏ ሌላውን ልጅ ሊያመጣ ተመልሷል፤ እሱን ትጠብቃለች። «ይቺን እህል ወዳለበት አድርስልኝ፤ እኛም ከኋላ እንመጣለን» አለችኝ። ያለችኝን ቆሎ ሰጠኋትና ልጅቷን በቅሎዋ ላይ ጫንኩ። በሦስተኛው ቀን ተመለስኩ፤ ጥዱ ሥር ማንም የለም። ገሳይን ጠየቅሁ፣ እስከ ነፋስ መውጫ ድረስ ዘልቄ ጠየቅሁ። የማን ልጅ ብዬ ልጠይቅ? የት አገር ብዬ ልጠይቅ?

«ስሟን አልጠየቅኋትም» አልኩ። «ያን ዕለት ለበቅሎዋ እንኳ ሳወራላት ነበር የሄድኩ። ለሴትየዋ ግን ስምሽ ማነው፣ የባልሽ ስም ማነው አላልኳትም። ልጅቷ ስታድግ የማን ልጅ ነኝ ስትለኝ የምሰጣት ስም የለኝም። ስለዚህ ፈጠርኩላት።»

አዳራሹ ጸጥ አለ። ያን ያህል ሰው እኔ እያወራሁ ዝም ብሎ አያውቅም፤ ደነገጥኩና ቁጭ አልኩ።

ደሞዜ በዝግታ እጁን አወጣ። «ታዲያ» አለ፣ «እኔ ይፋግ የጨበጥኩት ማንን ነው?»

ሳቁ ጣሪያውን ሊያነሣው ደረሰ። ካሳሁንም ሳቀ፤ ከዚያ ግን ቅጹን አንሥቶ አሳየን። «አመንንህ። የቅዳሜው ቃል ይሰረዛል። ግን እዚህ ላይ ባዶ ትቼ ማኅተም ልመታ አልችልም። ልጅቷ በሕግ የማንም አይደለችም።»

አያ ገሰሰ በዱላቸው ተደግፈው ተነሡ። «የጡት ልጅ ያድርጋታ! ምን አስቸገራችሁ?»

«አያ ገሰሰ፣ የመንግሥት ቅጽ ነው የያዝን» አለ ካሳሁን።

«እኔስ ምን አልኩ? አባቶቻችን የሰው ልጅ ልጃቸው ሲያደርጉ አውራ ጣታቸውን ማር ይነክሩና በሰው ፊት ልጁን ያጠቡታል። ከዚያ ወዲያ ልጅ ነው፤ ይወርሳል፣ ይቀብራል፣ ከቤቱ ልጅ ጋር አይጋባም። መመሪያህ ማር ይከለክላል?»

ካሳሁን መመሪያውን ገለበጠ። አንድ ገጽ፣ ሁለት ገጽ። «አይከለክልም» አለ በመጨረሻ፣ እንደ ማፈርም ብሎ።

ያን ጊዜ ደሳለች ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። በስብሰባ ላይ ተናግራ አታውቅም። ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ ወጣ።

«እናቷስ? ነገ ብትመጣ ምን እላታለሁ? ባዕድ ቤት ገብታ፣ የሰው ስም ተሸክማ፣ ጭራሽ ባሕር ተሻግራ… ልጄን የት አደረግሻት ብትለኝ ምን እመልሳለሁ?»

«ልጄ» አሏት አያ ገሰሰ፣ «ማሩ የማኅፀኑን አይሽርም። እናቷ ብትመጣ እናቷ ናት። አንቺም እናቷ ነሽ። የመረቀለት ሁለት እናት ቢኖረው ምን ጎደለበት?»

«ይህን ይጻፉልኛ!» አለች ደሳለች፣ በጣቷ ወደ ካሳሁን እያመለከተች። «እናቷ ብትመጣ የማትከለከል መሆኑ ይጻፍልኝ።»

ካሳሁን ጻፈ። ደሳለች ግን አሁንም ቆማለች። ፈንታነሽ ሄዳ አጠገቧ ቆመች፤ በአንድ ራስ ትበልጣታለች።

«እትዬ» አለቻት፣ «ዐሥራ አራት ዓመት እንግዳ ሆኛለሁ። እንግዳ ሆኜ ከምሄድ ልጅ ሆኜ ብሄድ አይሻልም?»

ደሳለች በነጠላዋ ጫፍ የልጅቷን ፊት ጠረገች፣ ቀጥላ የራሷን፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ምን ትቀመጣለህ? ያን እጅህን ታጠብ!» አለችኝ።

እጄን መታጠብ ቀላል አልነበረም። አውራ ጣቴ የስንት ዓመት ማስቲሽና ግራሶ ጠጥቷል። በላምባ አሹት፣ በሳሙና አሹት፣ ውባንተ በአመድ ሞከረችበት፤ ጥቁርነቱ ወደ ግራጫ ፈቀቅ አለ እንጂ አለቀቀም። ማሩንም ያመጣችው ውባንተ ናት። ጣቴን ነከርኩና አወጣሁት። ፈንታነሽ ዐሥራ ስምንት ዓመቷ፣ ሦስት ነጥብ ስምንት ያመጣች፣ የሕክምና ተማሪ፣ በሁለት መቶ ሰው ፊት አጎንብሳ የጎሚስታ ጣት ጠባች።

ከዚያም ነከሰችኝ።

«ወይኔ!» ብዬ ዘለልኩ።

«ለአርባዎቹ ጭሰኞች ነው» አለች፣ ከንፈሯን እየላሰች። አዳራሹ በእልልታ ተደበላለቀ፤ ከሁሉም በላይ የሚሰማው የደሳለች ነበር፣ ከነሐሴ መጀመሪያ ጀምሮ አፏ ላይ ይዛው የቆየችው።

ካሳሁን እዚያው ቁጭ ብሎ ጻፈ። «በትምህርት ቤት መዝገብ ‹ጉና› ተብሎ የሰፈረው የተራራ ስም እንጂ የሰው ስም አለመሆኑ በነዋሪው ፊት ተረጋግጧል። የጡት አባቷ ሙላቴ፤ ሥራው ጎማ መለጠፍ፤ መደቡ ላብ አደር።» በማኅተሙ ላይ እፍ እፍ ብሎ ሲመታው ደሞዜ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ «የኔ ተቃውሞ ይያዝልኝ። እኔ ሰውየውን አውቀዋለሁ» አለ። ካሳሁን ተቃውሞውን ያዘለት።

ቅጹ ማክሰኞ ገባ። ስሟም ጸደቀ።

የሄደችው በጳጉሜን ነው። ሻንጣዋን አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ራሴ አወጣሁት፣ በራሴ ከለመዳሪ ቁራጭም አሰርኩት። ደሳለች በመስኮቱ በኩል ዳቦ፣ ጭኮ፣ ቆሎ፣ ደግሞ ሌላ ዳቦ ታስገባለች። ረዳቱ ትኬት እየቆረጠ ፈንታነሽ ዘንድ ደረሰ።

«አንቺስ የት ድረስ ነሽ፣ እህቴ?»

«ለጊዜው አዲስ አበባ። ከዚያ ሶቪየት ኅብረት እሄዳለሁ፣ ሕክምና ልማር።»

ረዳቱ ከእግር እስከ ራሷ አያት። «የማን ልጅ ነሽ?»

«የሙላቴ» አለች ፈንታነሽ። ትንሽም አልዘገየች። «የጎሚስታው የሙላቴ ልጅ ነኝ።»

«ኤዲያ! ቀድመሽ አትነግሪኝም ነበር!» ብሎ ረዳቱ በሳቅ ወንበሩን ተደገፈ። «የሙላቴ ልጅ ከሆንሽማ አንድ ቃልሽን አላምንም! በይ አሁን እውነቱን ንገሪኝ፤ ወረታ ነሽ ወይስ ባሕር ዳር?»

የነጻ ትምህርቱን ደብዳቤ አውጥታ ሰጠችው። አነበበው። ማኅተሙን በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። ከዚያ አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ መሬት ላይ ወደቆምኩት ወደ እኔ ተመለከተ።

«ጋሽ ሙላቴ» አለኝ፣ «ይህን ማኅተም ደግሞ ከምን ጎማ ነው የቀረጹት?»

ፈንታነሽ ከኋላው ስትስቅ ጥርሷ ብቻ ይታየኛል። እኔ እውነት ነው ልለው አፌን ስከፍት አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ፤ ደሳለችም የመጨረሻዋን ዳቦ ይዛ ከጎኑ እየሮጠች ነበር።